የዝምታው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በአገራችን በወሎ፣ ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ በየመንደሩ እየዞረ በድምፁ ያስታውቅ ነበር። ዛሬ ግን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የቀብር ጥሪ በስልክ መልእክትም ይመጣል። ጠሪውን ዝም የሚያሰኝ አልነበረም፤ ስልኩን ግን አንድ ጣት ዝም ያሰኘዋል። እንግዲህ የዚህ ዝምታ ባለቤት ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ተገቢ ነው።

ዝምታን መሻት ነውር አይደለም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በአንዱ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ቀን ሊያርፍ ይገባዋል። ዋትስአፕ አንድን ቡድን ለ8 ሰዓት ወይም ለ1 ሳምንት ዝም ማሰኘትን ይፈቅዳል፤ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮም የአንድ ዓመቱን ምርጫ “ሁልጊዜ” በሚለው ተክቶታል። የ8 ሰዓቱ ዝምታ በራሱ ያበቃል፤ የሁልጊዜው ግን ሰው እስኪያነሣው ድረስ ይኖራል።

ታዲያ ልጃቸው “ጩኸት በዛ” ብሎ የቅሬውን ቡድን ዝም ያሰኘባቸውን እናት እናስብ። ምልክቱ የተሰረዘች ትንሽ ሥዕል ናት፤ ማንሻው ከብዙ በሮች በስተኋላ ነው። ዓይነ ስውር ቢሆኑ ደግሞ፣ ሥዕሏ በድምፅ የሚነበብ ስም ከሌላት ለእርሳቸው የለችም ማለት ነው። ጎረቤት ሲቀበር ይቀራሉ፤ ሰውም በልባቸው ይፈርድባቸዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጹ የመገናኛ አገልግሎት ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን ማዘዙ ስለዚህ ነው።

በራስ ፈቃድ ዝም ማለትና በሌላ ዝም መባል እንደሚለያዩ እኛ በኑሮ ተምረነዋል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተሞቻችንን በያዘ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ያን ዝምታ አልመረጥነውም፤ ማንሻውም በእጃችን አልነበረም። የእናቲቱ ጉዳት ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ ጠባዩ ግን አንድ ነው።

“ዝም የተባለውን ሁሉ ማስታወስ ራሱ ጩኸት አይሆንም ወይ?” የሚል ይኖራል። ማንሻው ይጩኽ አላልንም፤ በፈለጉት ጊዜ ይገኝ እንጂ። ዝም የተባለው ሁሉ በአንድ ስፍራ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በዓይንም በጆሮም ይታወቅ። እኛም የሌላውን ስልክ ዝም ስናሰኝ እናስፈቅድ፤ ማንሻውንም በራሳቸው ጣት እስኪያገኙት ድረስ እናሳያቸው።