ስደትና መክሊት

የሰው ጥሪ፣ ይኸውም ከፈጣሪው ተቀብሎ ሌሎችን የሚያገለግልበት ሥራ፣ በተወለደበት ምድር የሚወሰን ነው ወይስ ባለቤቱን ተከትሎ የሚሰደድ? ጥያቄው በአዲስ አበባ ለመካኒሳ አቦ ሰፈር ምእመናን እንግዳ አይደለም፤ ሰፈሩ በስማቸው የሚጠራው፣ «አቦ» የሚባሉት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በግብፅ ንሒሳ ተወልደው ወደ ኢትዮጵያ የመጡ፣ በዝቋላ ተራራ በጸሎት የተጋደሉና በየወሩ በ5 የሚታሰቡ ጻድቅ ናቸውና።

ይኸው ጥያቄ በሙዚቃው ዓለምም ይነሣል። በ1927 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ የተወለደው የጃዝ ባለሙያ ሬድ ሚቸል ኮንትራባስ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱትን ባለ ወፍራም ድምፅ ትልቅ የክር መሣሪያ፣ ይጫወት ነበር። በ1968 ወደ ስቶክሆልም ተሰድዶ እስከ 1992 ኖረ። የሚታወቅበት ቅኝት ግን ከስደቱ ይቀድማል፤ የኮንትራባስ ክሮች እንደ ልማዱ በአራተኛ ድምፅ ርቀት ሲቃኙ፣ እርሱ ከ1966 ጀምሮ እንደ ቼሎ በአምስተኛ ርቀት ይቃኛቸው ነበር። ስለዚህ ስዊድን መድረክ ሰጠችው እንጂ መክሊቱን አልሰጠችውም።

የኢትዮጵያዊው ቤዝ ተጫዋች የሄኖክ ተመስገን መንገድ ተቃራኒ ነው። በ1984 በዋሽንግተን ዲሲ ከአድማስ ባንድ ጋር «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለውን አልበም ያሳተመው ሄኖክ፣ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ከኖረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምሯል።

የጻድቁ ጉዞ በአምላክ ትእዛዝ፣ የሙዚቀኛው ግን በእንጀራ ፍለጋ ነውና ሁለቱ አይነጻጸሩም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በቅድስና ረገድ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ በተጠያቂነት ረገድ ግን አያስኬድም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በተጻፈው የመክሊት ምሳሌ ጌታው ሲመለስ አገልጋዮቹን የተቆጣጠረው ምን እንዳተረፉ እንጂ የት እንደነገዱ አልነበረም፤ የተወቀሰውም መክሊቱን መሬት ቆፍሮ የቀበረው ነው። ከአገር ሳይወጡም መክሊትን መቅበር ይቻላል።

እንግዲህ ስደት በራሱ ክህደት አይደለም፤ መመለስም በራሱ ጽድቅ አይሆንም። የሚመዘነው ሰውየው ለተቀበለው ሕዝብና ለተተኪው ትውልድ ያስተላለፈው ነው። አገርም በበኩሏ የሄደውን ከመውቀሷ በፊት ለሚመለሰው የሚያስተምርበት ቦታ ማዘጋጀት ይጠበቅባታል።