ውኃ ጨምሩበት




ዛሬ ስለ ድስት እናውራ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ከሰጧቸው ምክሮች አንዱ ስለ መረቅ ነው። መረቅ ሲሠሩ ውኃውን እንዲያበዙና ከዚያ ላይ ለጎረቤቶቻቸው እንዲያካፍሉ ነገሯቸው። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ! ሥጋ ጨምር አልተባሉም። ሥጋ ለመጨመር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ውኃ ለመጨመር ግን ጎረቤትን ማስታወስ ይበቃል። ደግሞ ውኃ የሚጨመረው ድስቱ ሳይወርድ ነው። ጎረቤት ትራፊ የሚደርሰው ሰው አይደለም፤ ምግቡ ገና እሳት ላይ እያለ ድርሻ የተያዘለት ነው።

«ሲኖረኝ አካፍላለሁ» እንላለን። ኑሮ ተወዷል፣ እውነት ነው። ዘይቱም ሽንኩርቱም አይቀመስም። ነገር ግን ይህን ትምህርት የተቀበሉት ሰሃቦች ረሃብን በደንብ ያውቁት ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አንድ ቀን በጣም ተርበው ሳለ ነብዩ ቤት አንድ ሳህን ወተት ተገኘ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በመስጂዱ የሚኖሩትን ድሆች፣ አህለ ሱፋን፣ እንዲጠሩ ላኳቸው። አቡ ሁረይራ «ለእኔ ምን ሊተርፈኝ ነው?» ብለው በልባቸው ሰጉ። ሰዎቹ መጡ፣ ተራ በተራ ጠጥተው ረኩ። ቀጥሎ እሳቸው እስኪጠግቡ ጠጡ። መጨረሻ ላይ የጠጡት ነብዩ ራሳቸው ነበሩ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

አያችሁ? «ለእኔ ምን ሊተርፈኝ ነው?» የሚለው ስጋት የእናንተ ብቻ አይደለም። መልሱ በረካ ነው።

በረካ ካልን የራሳችንን ቡና እንመልከት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ለሦስተኛው አዲስ ቡና አይወቀጥም፤ በዚያው ጀበና ላይ ውኃ ይጨመራል። ቀጭን ነው፣ ስሙ ግን በረካ ነው! ዘግይቶ የመጣ ጎረቤትም አያልፈውም። እናቶቻችን የአቡ ዘርን ምክር በጀበና ሲሠሩበት ኖረዋል።

እኛስ? የምግባችንን ፎቶ ስንት ሰው አይቶ «ላይክ» ያደርገዋል። ሽታው ግድግዳ አልፎ የደረሰው ጎረቤት ግን አልቀመሰውም። ምናልባት ከጎናችሁ ባለው ክፍል ከክፍለ ሀገር መጥቶ የተከራየ ልጅ ሐሙስን ጾሞ፣ በደረቅ ዳቦ ብቻውን ያፈጥር ይሆናል። ስሙን ታውቁታላችሁ?

«ትንሽ ነው፣ ያሳፍራል» አትበሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የበግ ኮቴ እንኳ ቢሆን ለጎረቤት መስጠትን እንዳንንቅ አስተምረውናል። አንድ ጭልፋ ሾርባ፣ ሁለት ሳምቡሳ፣ አንድ ጆግ ቀሪቦ ይበቃል። «ከማን ልጀምር?» ካላችሁም፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህንኑ ጠይቀው በሩ ይበልጥ ከሚቀርበው እንዲጀምሩ ተነግሯቸዋል።

ጎረቤቴ ሙስሊም አይደለም የምትሉ ደግሞ ይህን ስሙ። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁድ ጎረቤታቸው ደርሶት እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀዋል። በአገራችን የእርድ ነገር አለ፤ ክርስቲያን ጎረቤታችን ሥጋችንን ላይበላ ይችላል። ቡናና ቆሎ፣ ሻይና አምባሻ ግን ማንን ያስቸግራል? ሥጋ የማያልፈውን በር ስኒ ያልፈዋል።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችን ይህ ነው። ድስት ስትጥዱ፣ ወይም እናታችሁ ስትጥድ፣ ውኃ ይጨመርበት። አንድ ሳህን ይዛችሁ ቅርብ ያለውን በር አንኳኩ። ስሙን ጠይቁት። ፎቶ አታንሱ፤ ምስጋናም አትጠብቁ፣ ለአላህ ብላችሁ ነው የሰጣችሁት። ሳህኑ ባዶውን ቢመለስም አትቀየሙ።

አላህ ማዕዳችንን በበረካ ይሙላው፤ ጎረቤቱ ተርቦ ጠግቦ ከሚያድር ሰው አያድርገን። አሚን።