ሶደቃ ወይስ ሐቅ?

አንዲት ጎረቤታችን በወለደች በሰባተኛው ቀን ሁላችንም የዐቂቃውን ጥሪ እንጠብቅ ነበር። በጉ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ታስሯል። ጥሪው ግን ቀረ። አባትየው በጉን አርዶ ሥጋውን በየቤቱ አከፋፈለና «ልጁን ትንሽ አሞታል» ብሎ በሩን ዘጋ። ሥጋው እኛም ቤት ደረሰ፤ በላን፤ ዱዓም አደረግን። ነገር ግን ከመካከላችን አንድም ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ በሩን አላንኳኳም። ሕፃኑ የላይኛው ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ መወለዱን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው።

ይህን የማነሳው ያንን አባት ለመውቀስ አይደለም። እርሱ ያፈረው ከእኛ ዐይን ነው። የሚወቀስ ካለ በሩን ያላንኳኳነው እኛ ነን።

የሕፃን የላይኛው ከንፈር የሚሠራው በእርግዝና ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከግራና ከቀኝ የሚያድጉት ክፍሎች ሳይገናኙ ከቀሩ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይቀራል። ላንቃም ጥቂት ዘግይቶ በተመሳሳይ ሁኔታ ይገጥማል። በዚያን ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። ዘር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ሲጋራና የስኳር በሽታ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ በአብዛኛው ግን ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። «ግርዶሽ አይታ ነው»፣ «እርግማን አለባት» የሚባለው በአራስ እናት ላይ የሚጫን ግፍ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ሁለቱን ነገር ቢያያይዙት፣ ግርዶሽ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይከሰት አስተምረዋል። ይህን ትምህርት የሰማ ሙስሊም እንዴት ግርዶሽን በእናት ላይ ምስክር አድርጎ ያቆማል?

ላንቃው የተከፈተ ሕፃን ጡት መሳብ ይሳነዋል፤ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። እናቱ ወተቷን አልባ፣ ልጁን ቀና አድርጋ በማንኪያ እንድታጠጣው የሚያሳያት ካላገኘች ረሃብ ሊገድለው ይችላል። ቢተርፍ ደግሞ የጆሮ ሕመም ይመላለስበታል። ከዚያም ንግግር ይመጣል። ተጅዊድ የተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። «ባ» የሁለቱ ከንፈሮች ፊደል ናት። ላንቃው ክፍት በሆነ ልጅ ግን አየሩ በአፍንጫ ስለሚያመልጥ «ባ» ወደ «ሚም» ትጠጋለች። እንግዲህ አንድ ልጅ ቁርኣን ቤት ገብቶ በቢስሚላህ የመጀመሪያ ፊደል ላይ ሲሰናከል፣ ጓደኞቹም ሲስቁበት አስቡት።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ መፍትሔ አለ። ከንፈሩ በሦስትና በስድስት ወር መካከል፣ ላንቃው ከአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ በፊት ቢጠገን ይመረጣል። ለሠለጠነ ሐኪም የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው።

«የአላህ ሥራ ነው»

ብዙ ወላጆች ግን «የአላህ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ይላሉ። አዎን፣ የአላህ ሥራ ነው። ሕመሙም መድኃኒቱም በቀደሩ ውስጥ ናቸው። ሰብር ማድረግ ማለት ሰበቡን ሳያደርሱ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ገጽን ማስጠገን ፍጥረትን መለወጥ መስሎ የሚታየው ወንድም ካለ፣ የሶሓባውን የዐርፈጃን ታሪክ ያስታውስ። አፍንጫው በጦርነት ተቆርጦ ነበር። ከብር ያሠራው አፍንጫ ሽታ ቢያመጣበት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ፣ ለተጎዳ ፊት ሲባል ተፈቀደ። ጉዳትን ማስወገድ ሌላ፣ ለጌጥ ብሎ መለወጥ ሌላ ነው።

ታዲያ የማን ዕዳ ነው?

ሕክምናው ካለ ልጁን ከሕክምናው የሚያርቀው ምንድን ነው? መንገድ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ የሚያስታምም ሰው፣ ከሁሉም በላይ ሕክምና መኖሩን አለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ኦፕሬሽን ስማይል ሐኪሞችን ከአገር አገር እያዘዋወረ ሲያሠራ፣ በ1999 የተቋቋመው ስማይል ትሬይን ደግሞ የየአገሩን ሐኪሞች ማሠልጠንን መረጠ። በእኛም አገር ፕሮጀክት ሐረር ከ2001 ጀምሮ የገጠር ሕሙማንን ፈልጎ ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ቆይቷል። የካቲት 12 ሆስፒታልም ይህ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ግን አንድ ጥያቄ ይቆረቁረኛል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ያገኘውን ልጅ አጥር ለአጥር የምንዋሰን እኛ ለምን አጣነው?

መልሱ ያለው ይመስለኛል ነገሩን በምንጠራበት ስም ውስጥ ነው። «ሶደቃ» ስንለው ብንሰጥ አጅር፣ ባንሰጥ ምንም የማይቀርብን ትርፍ ነገር ይመስለናል። ቁርኣን ግን በአማኞች ገንዘብ ውስጥ ለሚጠይቅም፣ ለማይጠይቀው ምስኪንም ሐቅ እንዳለ ይናገራል። ሐቅ ደግሞ ይከፈላል እንጂ አይቸርም። የዘካ ተቀባዮች ሲዘረዘሩም ድሃው፣ ምስኪኑና ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ይገኙባቸዋል። ዝርዝሩን ዑለማዎች ያስረዱናል፤ ልጇን አዝላ ለሕክምና ስትመጣ መናኸሪያ ላይ ገንዘብ ያለቀባትን እናት ግን ማን እንላታለን? ቀደምቶቻችን ይህን ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ1284 ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ያቋቋሙት የመንሱሪ ሆስፒታል በወቅፍ ገቢ እየተዳደረ ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ያክም ነበር። ታካሚው የማንንም ፊት ማየት አላስፈለገውም።

ሐቅ መሆኑን ካመንን አሰጣጣችንም ይለወጣል። ዛሬ ልጁን ከሕክምና በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ አንስቶ ማሳየት ተለምዷል። ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ ሌሎች ወላጆችም ተስፋ እንዲያገኙ ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ ልጅ ነገ ጎረምሳ ይሆናል፤ ያቺ ልጅ ነገ ትዳራለች። ስንጥቁ በስፌት ቢጠፋም ፎቶው አይጠፋም። ዕዳውን የከፈለ ሰው የባለገንዘቡን ፊት በአደባባይ አያሳይም። ፎቶው የግድ ካስፈለገ በወላጅ ሙሉ ፈቃድ፣ ያም ፈቃድ ለሕክምናው ዋጋ ሳይደረግ ይሁን። ሶደቃ በመመጻደቅ እንደሚበላሽ ሁላችንም ተምረናል።

የጎረቤታችን ልጅ በስድስት ዓመቱ በነፃ ታከመ። ያገኘው ከሌላ ቀበሌ የመጣ የጤና ሠራተኛ ነው። ዛሬ ከንፈሩ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ይታያል። ሕክምናው ስለዘገየ ግን ንግግሩ እስካሁን አልተስተካከለም፤ «ባ» አሁንም ታመልጠዋለች። እርሷን በሰማሁ ቁጥር ያ የዐቂቃ ሥጋ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በሰፈርህ የዐቂቃ ጥሪ የቀረበት ቤት ካለ ሄደህ አንኳኳ። ገንዘብ ባይኖርህ ወሬውን ታደርሳለህ፤ ሆስፒታሉን ታሳያለህ፤ እናቲቱ ስትሄድ የቀሩትን ልጆቿን ትይዛለህ። መስጊዳችንም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ቢናገር፣ በር ዘግተው የተቀመጡ ስንት ቤቶች ይከፈቱ ይሆናል።

አላህ የሰውን ሐቅ ሳንጠየቅ የምንከፍል ያድርገን። አሚን።