ነገን ማን ያምናል?

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ተረቱ። ጥፋቱን ሁሉ በቸኮለችው ላይ ጥሎ ያልፋል፤ ምን እንዳስቸኮላት ግን አይጠይቅም። ነገ የሚጎዳውን ዛሬ የሚመርጥ ሰው ስናይ የእኛም ፍርድ ከዚህ አይርቅም፤ ትዕግሥት የለውም፣ አርቆ አያይም እንላለን። በእኔ እምነት ችኮላ ከምንለው ውስጥ ብዙው ሰውየው ስለ ነገ የሰጠው ፍርድ ነው። «ጠብቅ» የተባለ ሰው ሳይታወቀውም ቢሆን የሚያመዛዝነው አንድ ነገር አለ፤ ጠብቅ የሚለኝ ቃሉን ያከብራል ወይ?

ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ የሚሆነው ብዙዎች ተቃራኒውን ለማስረዳት የሚጠቅሱት ሙከራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት፣ ልጆች ፊት ጣፋጭ እየተቀመጠ ተመራማሪው እስኪመለስ ለታገሠ የበለጠ እንደሚሰጠው ቃል ይገባ ነበር። የታገሡት ሲያድጉ በትምህርታቸው የተሻሉ ሆነው በመገኘታቸው ሙከራው ራስን ስለ መግዛት መስበኪያ ሆነ። በ2013 የታተመ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ከጣፋጩ በፊት አንድ ነገር ጨመረ። ሕፃኑ ያረጁ ከለሮች ይሰጡትና «ትንሽ ቆይ፣ የተሻሉ አመጣልሃለሁ» ይባላል። ለግማሾቹ የተባለው መጣላቸው፤ ለቀሪዎቹ ተመራማሪው ባዶ እጁን ተመልሶ ከለሮቹ እንደሌሉ ነገራቸው። ጣፋጩ የቀረበው ከዚህ በኋላ ነው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል። ልጆቹ 28 ብቻ ስለነበሩ ነገሩን ሁሉ በዚህ ላይ ማንጠልጠል አይገባም። ሆኖም በ2018 ከ900 በላይ ልጆችን ያካተተ ጥናትም፣ የቤተሰቡ ኑሮና አስተዳደግ ሲታሰብ፣ በሕፃንነት መታገሥ ከኋላ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና በእጅጉ እንደሚሳሳ አሳይቷል። ከለሩ የቀረበት ሕፃን ጣፋጩን ቶሎ አፉ ሲከት፣ ከደቂቃዎች በፊት የተማረውን ትምህርት በሥራ ላይ ማዋሉ ነው።

አርሶ አደሩንም በዚህ ዓይን እንየው። ጤፍ ነቀዝ የማይደፍረው፣ በጎተራ ዓመታት የሚቆይ እህል ነው። ጥር ላይ ገበያው በምርት ሲሞላ ዋጋው እንደሚወርድ፣ ክረምት ላይ እንደሚወደድ ባለቤቱ ከማንም የበለጠ ያውቃል። ያም ሆኖ ብዙው ጥር ላይ ይሸጣል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ እህል ሸማች ሆኖ ገበያ የሚወጣ አለ። ከወረቀት ላይ ለሚያሰላ ሰው ይህ እብደት ይመስላል። ግን የማዳበሪያው ዕዳና ግብሩ ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ ክረምትን አይጠብቁም። መጠበቅም እንደ እህሉ ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ መክፈል የሚችለው ደግሞ ሌላ የሚበላው ያለው ነው።

«ታዲያ የጠገበውስ ለምን ይቸኩላል?» ብሎ የሚሞግት ሰው እውነት አለው። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሪቻርድ ቴለር በ1981 ያነሳው ምሳሌ ይህንኑ ያሳያል፦ ከነገ ሁለት ፖም የዛሬ አንድ ፖም የሚመርጥ ሰው፣ ምርጫው ከዓመት በኋላ በሚመጡ ሁለት ተከታታይ ቀናት መካከል ሲሆን፣ አንድ ቀን ጠብቆ ሁለቱን መውሰድ አይከብደውም። አንዷ ቀን ያው አንድ ቀን ናት፤ ስትቀርብ ግን ትገዝፋለች። ይህን ድካም ድህነትም ሆነ የታጠፈ ቃል አያስረዳውም፤ አርስቶትልም የሚበጀውን እያወቀ የማያደርገውን ሰው ሲመረምር የደከመበት ጉዳይ ነው። እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው ግን መድኃኒቱ ሰውየውን መገሠጽ ነው የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ያው ድካም ያለበት ሰው ሁኔታው ሲለወጥለት ይታገሣል።

እቁብን ተመልከቱ። ገንዘብ እጁ ላይ አይቆይም የሚባል ሰው በየሳምንቱ ሳያጓድል ይጥላል። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም፤ የቀረ እንደሆነ ጎረቤት ያየዋል። የመጨረሻው ዕጣ የሚደርሰው ሰው ስለ ጠበቀ ወለድ አይታሰብለትም፤ የሚያገኘው የራሱን ገንዘብ ነው። ቢሆንም ዙሩ እስኪያልቅ ይጥላል።