ኃያሏ ስትደክም

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። በሞተር ብስክሌት ተራራና በረሃ የሚያቋርጠው ተጓዥ ግን የሚናፍቀው ያንኑ የማያውቀውን ነው። ለመሆኑ የዚህ ናፍቆት ዋጋ ምንድን ነው? ለራስ ደስታ ብቻ የሚደረግ ሽርሽር ነው ወይስ ሰውን ከሰው የሚያስተዋውቅ ትምህርት?

እ.ኤ.አ. በ1951 መገባደጃ የ23 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ኤርኔስቶ ጉቬራና የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው አልቤርቶ ግራናዶ፣ «ኃያሏ» ብለው በሰየሟት ባለ 500 ሲሲ ኖርተን ሞተር ብስክሌት ከአርጀንቲናዋ ኮርዶባ ተነሡ። ያነሣሣቸው ከሁሉ በላይ የወጣትነት ጉጉት ነበር። ኃያሏ ግን በየመንገዱ ስትወድቅና ስትጠገን ቆይታ፣ ቺሌ ውስጥ ፈጽማ ደከመች። ወጣቶቹም የጭነት መኪና እየለመኑ መጓዝ ግድ ሆነባቸው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወደ ቹኪካማታ የመዳብ ማዕድን ሲያመሩ፣ በፖለቲካ አቋሙ ታስሮ የተፈታና ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት አንድ ማዕድን ቆፋሪ ከነሚስቱ አገኙ። ባልና ሚስቱ በበረሃው ቁር የሚለብሱት አልነበራቸውም፤ ወጣቶቹ ካላቸው ብርድ ልብስ አንዱን ሰጧቸው። ሞተሯ ደኅና ብትሆን ኖሮ፣ ምናልባት አቧራ አልብሰዋቸው ባለፉ ነበር።

ታዲያ ለመቆም የግድ ስብራትን መጠበቅ ይገባናልን? አይገባም። ሞተሩ የተበላሸበት ሰው ተገዶ ይቆማል፤ ሞተሩ ጤነኛ የሆነለት ግን በፈቃዱ ማቆም ይችላል። የጉዞ ሥነ ምግባር የሚፈተነው በዚህ ፈቃድ ነው፤ የማያውቁት አገርም የሚታወቀው ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ሲያወጉ ነው።