የመንገድ ሐቅ የማን ነው?



ባለፈው ክረምት አንድ ጁሙዓ ቀን ነው። ከሥራ ዘግይቼ ወጥቼ መስጊዱ ዘንድ ስደርስ ኢማሙ ሚንበር ላይ ናቸው። መኪናዬን የማቆምበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ቀድመውኝ የደረሱት ወንድሞች እንዳደረጉት፣ እኔም የእግረኛ መንገዱ ላይ አውጥቼ አቆምኩና እየሮጥኩ ገባሁ። ኹጥባው ስለ ምን እንደ ነበር አላስታውስም፤ የደረስኩት መጨረሻው ላይ ነው።

ከሰላት በኋላ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሥር ዓመት ገደማ በሚሆነው ልጅ እየተመሩ ሲመጡ አየሁ። መኪኖቹ ዘንድ ሲደርሱ ልጁ ቆም ብሎ ግራ ቀኙን አየና ወደ አስፋልቱ ይዟቸው ወረደ። ወዲያው አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከኋላቸው ደርሶ ፍሬን ሲይዝ ልጁ ደንግጦ ጎተታቸው፤ ሽማግሌው ወደቁ። የወደቁት ከኔ መኪና አጠገብ ነው። ሮጬ አነሣኋቸው። ጉልበታቸው ተልጧል፣ ልብሳቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ምርኩዛቸውን ሳቀብላቸው ፊታቸውን ወደኔ አዙረው «አላህ ኸይር ጀዛህን ይክፈልህ ልጄ፤ እንዳንተ ያለውን ሰው አያሳጣን» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ልጁን «መንገዱ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁት። «መኪና አቁመውበት ነው» አላቸው። የኔ ነው አላልኩም።

ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አፍሬ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን ከኀፍረቱ የሚቀድም ነገር አለ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋት መሥራቴ ራሱ አልታወቀኝም ነበር። የሰው ኪስ አልገባሁም፣ የሰው ግቢ አልደፈርኩም። ያቆምኩት መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ደግሞ የማንም አይደለም። ዛሬ ከውድ አንባቢያን ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ይህንኑ «የማንም አይደለም» የሚለውን አስተሳሰብ ነው።

በዲናችን መንገድ ባለቤት አልባ አይደለም። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን መንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠነቀቁ። ሶሓቦቹ ተቀምጠን የምንጨዋወትበት ሌላ ቦታ የለንም ባሏቸው ጊዜ ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡት አዘዟቸው። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም ዓይንን ዝቅ ማድረግን፣ ሰውን ከማስቸገር መታቀብን፣ ሰላምታ መመለስን፣ በመልካም ማዘዝንና ከመጥፎ መከልከልን ቆጠሩላቸው። እነዚያ ሰዎች የፈለጉት ተቀምጦ መጨዋወት ብቻ እንደነበር ልብ እንበል። አንድ ሰው ተቀምጦ የሚይዘው ቦታ ምን ያህል ነው? የኔ ብረት ግን ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል።

ሌላም አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሰዎች በመንገድ ስፋት ላይ ሲወዛገቡ ሰባት ክንድ እንዲደረግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወስነዋል። ይህም ከ3 ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል ነው። የከተማ ፕላን የሚባል መሥሪያ ቤት ባልነበረበት ዘመን፣ ቤት ሠሪው አጥሩን ገፍቶ የአላፊ አግዳሚውን ድርሻ እንዳይወስድ ልክ ተበጀለት ማለት ነው። ስለዚህ ማን በመንገዱ ላይ ምን ያህል ቦታ ይያዝ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ዓለማዊ ጉዳይ ነው የምንል ሰዎች ተሳስተናል።

እስቲ አዲስ አበባን እንመልከት። በከተማዋ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው አውቶቡስና ታክሲ ሲሆን፣ የግል መኪና ከአምስት ጉዞ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሆኖም አስፋልቱን ሞልቶት የምናየው ማን ነው? አንድ ከተማ አውቶቡስ ሦስት ትናንሽ መኪኖች የሚቆሙበትን ያህል ቦታ ይዞ ከሰባ የማያንስ ሰው ያሳፍራል። በሦስቱ መኪኖች ውስጥ ያለነው ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ነን። ከዚያም አልፈን በአውቶቡሱ ላይ ጡሩንባ እንነፋለን። በትራፊክ አደጋ የሚሞተው ደግሞ በአብዛኛው እግረኛው ነው። መንገዱን በብዛት የሚጠቀምበት፣ ትንሽ ቦታ የሚይዝበትና የሚሞትበት አንድ ሰው መሆኑን ስናይ ይህ ዙልም ካልሆነ ምን እንለዋለን?

መኪና መያዝ ሐራም ነው የምል አይምሰላችሁ። ምቹ መጓጓዣ ለሰው ልጅ ከተሰጡት የደስታ ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ነፍሰ ጡር እህታችን፣ አቅመ ደካማ ወላጃችን፣ ሌሊት የታመመ ልጃችን በምን ይሂዱ? የከበደኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ስለ ፈረስ የተነገረውን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ፈረስ ለአንዱ ባለቤቱ ምንዳ፣ ለሌላው መሸፈኛ፣ ለሦስተኛው ሸክም ይሆናል። ሸክም የሚሆንበት ለጉራና ለታይታ ያሰረው ነው። መሸፈኛ የሚሆንለት ደግሞ በፈረሱ ላይ ያለበትን የአላህን ሐቅ ያልረሳው ነው። እንስሳው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሒሳቡ ግን ሦስት ነው። መኪናዬን በየትኛው መዝገብ ላስገባው? ሁለት ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ፣ ጎረቤት እንዲያይልኝም ጭምር፣ ሞተር ያስነሣሁባቸው ቀናት ስንት ናቸው?

አንዳንድ ወንድሞች የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ነገሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ጭሱን በተመለከተ እውነት አላቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪናም የእግረኛ መንገድ ላይ ሲቆም ያው መንገድ መዝጋቱ ነው። ሽማግሌውን ወደ አስፋልት ያስወረዳቸው ጭስ አልነበረም።

መንግሥትም ምንም አልሠራም አይባልም። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሆኖም ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በ2015 ዓ.ም. አካባቢ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ተሳፋሪው እንደገና ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ። በ2011 ዓ.ም. በወር አንድ እሑድ ጎዳና ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ተጀመረ፤ ስሙ ራሱ ኹጥባ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አስገኝቷል። (ለዚሁ ሥራ ከቀያቸው ስለተነሡ ሰዎች ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ እሱም ሐቅ ነው።) ሆኖም መንገዱ ሲሰፋ መኪናውም ወጥቶ ካቆመበት ስፋቱ ለማን ሆነ? ለአውቶቡስ ብቻ መስመር ሲከለል ቀድመን የምንጮኸውስ እኛ ባለ መኪኖቹ አይደለንም? እኔ ጮኼያለሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ የተውበቱ ጉዳይ ነው። በኔና በአላህ መካከል ብቻ ያለ ኃጢአት ቢሆን ጸጸትና ኢስቲግፋር ነበረው። የባሮች ሐቅ ግን ለባለቤቱ ካልተመለሰ ወይም ባለቤቱ ይቅር ካላለ እንደማይነሣ ዑለሞቻችን ያስተምሩናል። ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ መጥቶ የሰው ሐቅ ስላለበት ምንዳው ለባለ ሐቆቹ ተከፋፍሎ ባዶውን ስለሚቀረው ሰው የተነገረውን የማያውቅ ሙስሊም አለ? እሺ፣ የመንገድ ሐቅ ባለቤቱ ማን ነው? ያን ዕለት በዚያ በኩል ያለፈው ሰው ሁሉ ነው። ሽማግሌው አንዱ ናቸው። ሸክም ይዞ የዞረው ተሸካሚ፣ ልጅ ያዘለችው እናትስ? ስማቸውንም ቤታቸውንም አላውቅም። የአንድን ሰው መቶ ብር የወሰደ ሌባ በዚህ ረገድ ከኔ ይሻላል፤ ቢያንስ ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ይህን ያጫወትኩት አንድ ወዳጄ «ታዲያ ጁሙዓ ሰፋችን ወደ አስፋልት ሲወጣስ? እሱም መንገድ መዝጋት ነው ልትል ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን አንድ አይደሉም እላለሁ። ሰጋጁ ጎዳና የሚወጣው መስጊዱ ስለማይበቃው ነው፤ የቦታ ችግራችን ደግሞ የቆየ ነው። ሰላቱ ሲያልቅ ምንጣፉን ጠቅልሎ ይነሣል። የኔ መኪና ግን ሰጋጁ ከተበተነም በኋላ እዚያው ነበር።

ስለ ጁሙዓ ካነሣን ዘንድ፣ በኑ ሰሊማዎች መኖሪያቸው ከመስጊድ ስለራቀ ቀረብ ብለው ሊሰፍሩ ባሰቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባሉበት እንዲጸኑ መከሯቸው፤ ርምጃቸው እየተጻፈላቸው ነውና። ጁሙዓን ሳይጋልብ በእግሩ ስለሚሄድ ሰው የተነገረው ምንዳም ይታወቃል። እኛ ግን ያንን ምንዳ በቤንዚን ሸጠነዋል።

ይህን ስል ግን ጥፋቱን ሁሉ በግለሰብ ላይ መጫን አልፈልግም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ሐረር ጁገልን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ግንቡ የከበበው ቦታ ከግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በውስጡ 82 መስጊዶች አሉበት። አብዛኞቹ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች መኪና አያስገቡም፤ ለእግርና ለአህያ የተበጁ ናቸው። የትኛውም ቤት ያለ ሰው አዛኑን ሰምቶ፣ ውዱእ አድርጎ፣ በእግሩ ሄዶ ኢቃማ ይደርሳል። ያን ከተማ ያቀኑት አባቶች ቀድመው ያሰቡት ለሰው እግር ነው። እኛ ደግሞ በከተማ ዳር ሺህ አባወራ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሠርተን፣ ገበያውንም ትምህርት ቤቱንም መስጊዱንም ሌላ ሰፈር እንተዋለን። ከዚያ ሰዉ ለምን መኪና ይመኛል እንላለን። አውቶቡስ አምስት ሰዓት ወጥቶ ሰባት ሰዓት ከሚመጣበት ሰፈር ያለውን ወንድሜን በእግርህ ና ለማለት አፌን አልከፍትም። እሱን የምጠይቀው የፕላን ባለሥልጣኑን ነው።

በመስጊዱ አጠገብ የምንኖረው ግን በምን እናመካኛለን? የኔ ቤት ከዚያ መስጊድ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ጁሙዓ ወዲህ ቀደም ብዬ እየወጣሁ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ኹጥባውንም ከመጀመሪያው መስማት ጀምሬያለሁ። የመስጊዱ ኮሚቴ በር ላይ መኪና እንዳይቆም እንዲያስተናብር ከጥቂት ወንድሞች ጋር ሆነን ጠይቀናል፤ አንዱ የኮሚቴ አባል «መጀመሪያ ሀብታሞቹን አሳምኑልን» ብለው ስቀው ሸኝተውናል። እናቴን ይዤ ስሄድ አሁንም በመኪና ነው። እሷን በሩ ላይ አውርጄ፣ መኪናውን ራቅ ብሎ ካለው የክፍያ ማቆሚያ አስገብቼ በእግሬ እመለሳለሁ።

ሽማግሌውን በየጁሙዓው እፈልጋቸዋለሁ። እስካሁን አላገኘኋቸውም።

ወላሁ አዕለም።