የገና ዳኛ

ፍርድ የሚጸናው በተጻፈ ሕግ ነውን ወይስ በዳኛው ኅሊና? ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረው የሕግ መጽሐፍ ሳይሆን የገና ጨዋታ ነው።

በላስታ ደጋ እህሉ ከማሳ ተነሥቶ ሜዳው ባዶ ሲሆን፥ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ጥንግ ሊመቱ ይወጣሉ። ቁጥራቸው የመጣው ሰው ሁሉ ነው፤ ወሰኑ ገደሉና የድንጋዩ ካብ ነው፤ ሰዓቱም እስኪመሽ ነው። ክርክር ሲነሣ ከዳር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ይፈርዳል።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ጥንጊቱን አግብተን ስንጨፍር ሽማግሌው «አይቆጠርም» አሉ። ለካ ከወዲያኛው ወገን አንድ ልጅ ቅልጥሙን ተመትቶ ወድቆ ኖሯል። እንዲህ ያለ ደንብ ማንም አላወጣም። አጉረመረምን፤ ነገር ግን የልጁን እግር ስናይ አፈርን። ወረቀት ያን እግር ከየት ያየዋል?

ስለዚህ ለብዙ ዘመን የሽማግሌውን ወገን ያዝሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ከ3,000 በላይ አንቀጽ ይዞ፥ በያዘው ጉዳይ ሁሉ የቀድሞውን ልማድ ሲሽር፥ የባልና የሚስትን ፍቺ ግን ለዘመድ ሽማግሌዎች መተዉን እንደ ማስረጃ እጠቅስ ነበር። (ይህም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ተለውጧል።)

ኋላ ግን «አንተ የተማርህ ነህ» ተብዬ እኔው ዳኛ ሆንሁ። ታናሽ ወንድሜ ከታች ሰፈር ጋር ይጫወት ነበር። መታት፤ ጥንጊቱም ከምልክቱ ድንጋይ ጥቂት አለፈች። በዓይኔ አየኋት። «ገብታለች» አልሁ።

የሰደበኝ የለም። አንድ አዛውንት ብቻ «አየሃት ልጄ?» አሉኝ። «አየኋት» አልሁ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀዘቀዘ፤ የላይ ሰፈር ልጆችም ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ አንድ እያሉ ሄዱ።

ያን ማታ የምጠቅሰው አንቀጽ በማጣቴ ተቃጠልሁ። ሳስበው ግን አንቀጽ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር? «ካለፈች ገብታለች» ይላል። ማለፏን የሚያይ ያው የኔ ዓይን ነው! የጎደለኝ ሌላ ደንብ ነበር፤ እርሱም ዳኛ በወንድሙ ነገር አይቀመጥ የሚለው ነው። ይህንንም የፍርድ ቤት ሕግ ጽፎታል። ወጣቶች ሆይ፥ እንዲህ ያለው ደንብ የሚጻፈው ለክፉ ዳኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ አልዋሸሁም፤ ነገር ግን እውነቴን የሚያምንልኝ አላገኘሁም።

ዛሬ ለባህል ስፖርት ውድድር የገና ደንብ ተጽፎለታል፤ መልካም ነው። በኛ ሜዳ ግን አሁንም የሚፈርደው ሽማግሌ ነው። በከርሞው ገና ከሦስተኛ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ለምነን አስቀመጥን። በወንድሜ ላይ ፈረዱበት፤ እንደ እኔ ዓይን ተሳስተዋል። እርሱ ግን እየሳቀ ዱላውን አንሥቶ ወደ ሜዳው ተመለሰ።